እንዳሁላ፤ የሐኪም ፔቲ ስምና የአገሩ ስም

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ፥ በካብ ሥር፥ በአጥር ጥግ፥ በደን ዳርቻና በድንጋያማ ዳገት ላይ የሚበቅል፥ ቅጠሉ ወፍራምና ውሃ ያዘለ አንድ ተክል አለ። ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ እንዳሁላ ይባላል። ከመካከላችን በገጠር ያደግን ሁሉ፥ በልጅነታችን እባጭ ሲወጣብን ወይም እንቅፋት እግራችንን ሲያቈስለው፥ እናቶቻችን ቅጠሉን በፍም ላይ ለብ አድርገው ያስሩልን እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ይህንኑ ተክል የዕፀዋት ሊቃውንት ካላንኮይ ፔቲቲያና ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ይህ ሁለተኛው ስም ከወዴት እንደ መጣ፥ ስሙ የተሰጠለት ሰው ማን እንደ ነበረና፥ የመጀመሪያው ስም ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፋችንን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ተክሉን ራሱን እንመልከት። እንዳሁላ ዛፍም ቍጥቋጦም አይደለም፤ ከጕልበት እስከ ወገብ የሚደርስ ለስላሳ አገዳ ያለው ተክል ነው። ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ ጅማት የመሰለ ዘንግ አለው፤ ዳርቻውም እንደ ማጭድ ጥርስ የተከረከመ ነው። ቅጠሉን ቢሰብሩት ውሃ ያንጠባጥባል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጫፉ ላይ አበባው ተሰብስቦ ይወጣል። እኛ ባየናቸው ተክሎች ላይ የአበባው ቀለም ፈዘዝ ያለ የጽጌ ረዳ መልክ ነበረ። አበባው ታች ቱቦ ሆኖ ላይ በአራት ይከፈላል፤ በውስጡም ስምንት ወንዴ ዘንጎች አሉ። ይህ የአራትና የስምንት ቍጥር የካላንኮይ ወገን ሁሉ ምልክት ስለ ሆነ፥ ተማሪ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን ባይረሳ መልካም ነው።

የካላንኮይ ወገን ክራሱላሴ ከተባለው ቤተ ሰብ አንዱ ክፍል ነው። በጠቅላላው ወደ 150 የሚጠጉ ዓይነቶች ሲኖሩት፥ የሚበዙት በማዳጋስካር ደሴት ይገኛሉ፤ የቀሩት በአፍሪካ፥ በዓረብ አገርና በእስያ ተበትነዋል። በከተማ የአበባ መሸጫዎች በትንሽ ማሰሮ ተተክላ ደማቅ ቀይና ቢጫ አበባ የምታወጣው ተክልም የማዳጋስካር ተወላጅ ናት፤ ወደ ጀርመን አገር የገባችው በ1932 ሲሆን፥ ያስገባት የፖትስዳም አትክልተኛ ብሎስፌልድ ስለ ነበረ ስሟ ካላንኮይ ብሎስፌልዲያና ተባለ። ብዙ የአዲስ አበባ ቤት ይህችን እንግዳ በመስኮቱ ላይ አስቀምጦ፥ ከግቢው ካብ ሥር ያለችውን እኅቷን አረም ነሽ ብሎ ይነቅላታል።

የዚህን ወገን አንድ ጠባይ ደግሞ ማንሣት ይገባል። በ1813 በሕንድ አገር የነበረ ቤንያሚን ሀይነ የተባለ ሐኪም ለለንደን ሊቃውንት ማኅበር በላከው ደብዳቤ፥ ዛሬ ካላንኮይ ፒናታ የምትባለውን ተክል ቅጠል በጧት ቢቀምሰው እንደ ሎሚ የሚኰመጥጥ፥ በቀትር ጣዕም የሌለው፥ ወደ ማታ ግን መረር የሚል ሆኖ ማግኘቱን ገለጸ። ደብዳቤው በ1815 ታተመ። ምክንያቱ በትክክል የታወቀው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። እንዲህ ያሉት ተክሎች በቀን ሙቀት ውሃቸው እንዳይተን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ዘግተው ይውላሉ፤ ሌሊት ይከፍቱና የካርቦን አየር ያስገባሉ፤ ያስገቡትንም በአሲድ መልክ እስከ ጧት ያቈያሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ያንን አሲድ ለምግባቸው ያውሉታል። ካብ ላይ አፈር በሌለበት ቦታ የሚኖር ተክል ይህን ዘዴ ማወቁ አያስደንቅም። እኛ ግን የሀይነን ሙከራ በእንዳሁላ ላይ አላደረግንም፤ ያላደረግንበትን ምክንያት ወደ ኋላ እንገልጻለን።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ካላንኮይ የሚለውን የወገን ስም በ1763 በመጽሐፉ ያወጣው ፈረንሳዊው ሚሼል አዳንሶን ነው፤ ቃሉም ከቻይና ቋንቋ የተወሰደ ነው ይባላል። ፔቲቲያና የሚለው ተከታይ ስም ግን በቀጥታ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

በ1839 ቴዎፊል ለፌቭር የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኰንን ምጽዋ ላይ ወርዶ ወደ አድዋ ወጣ። አብረውት ሁለት ሐኪሞች ነበሩ፤ አንዱ ሪሻር ኳርታን ዲሎን፥ ሁለተኛው አንትዋን ፔቲ ይባላሉ። ጊዜው በታሪክ ዘመነ መሳፍንት የምንለው ነበረ፤ ትግሬንና ስሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ሁለቱ ሐኪሞች የተላኩት ሕመምተኛ ለማከም ብቻ አልነበረም፤ እንስሳትንና ዕፀዋትን እየሰበሰቡ ወደ ፓሪስ እንዲልኩ ነበር። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የሕክምና ትምህርትና የዕፀዋት ትምህርት ገና አልተለያዩም፤ መድኃኒቱ ከቅጠልና ከሥር ስለሚወጣ ሐኪም ሁሉ ቅጠል መለየት ነበረበት። እንግዲህ የፈረንሳይ ሐኪምና የአገራችን መድኃኒተኛ በ1839 ቢገናኙ የሚነጋገሩበት ነገር አያጡም ነበር፤ ቅርጫታቸውና ሞያቸው የሚመሳሰል ነበረ።

ኳርታን ዲሎን በሽሬና በአካባቢው ብዙ ዕፀዋት ሰበሰበ። ነገር ግን ጉዞው ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳለ ወደ መረብ ሸለቆ ወርዶ በንዳድ ታመመና ሞተ። የደጋ ሰው ክረምቱ እንደ ወጣ ወደ ቆላ መውረድን ከጥንት ጀምሮ ይፈራ ነበር፤ ለዕፅ ሰብሳቢ ግን ቆላው በአበባ የሚሞላው በዚያው ወራት ነው። የወባ ነገር ከትንኝ የሚመጣ መሆኑ የተረጋገጠው በ1897 ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ የገደለውን ነገር ሳያውቀው ነው የሞተው።

ፔቲ ከባልንጀራው ሞት በኋላ ሥራውን ቀጠለ። ወደ ደቡብ ተጕዞ እስከ ሸዋ ደረሰ፤ ያን ጊዜ በሸዋ የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። በሸዋ የሰበሰባቸው ዕፀዋትም በመጽሐፍ ውስጥ ስሙንና የአገሩን ስም ይዘው ይገኛሉ። በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ዓባይን በጀልባ ወይም በዋና የተሻገረ የጎጃምና የሸዋ ነጋዴ ሁሉ ይህን አደጋ ያውቀው ነበር፤ ስለዚህ የፔቲ አሟሟት ለባላገሩ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በፓሪስ ግን እንደ ተረት ሳይነገር አልቀረም።

ሰብሳቢዎቹ ቢሞቱም ሣጥኖቹ ፓሪስ ደረሱ። የደረቁትን ዕፀዋት የተረከበው አሺል ሪሻር የተባለ የፓሪስ የሕክምና ትምህርት ቤት መምህር ነበረ። ሪሻር አገራችንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ዳሩ ግን ከ1847 እስከ 1851 በላቲን ቋንቋ በሁለት ጥራዝ ያሳተመው መጽሐፍ ስለ አገራችን ዕፀዋት በጠቅላላ የተጻፈ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «የአቢሲኒያ ዕፀዋት መጽሐፍ ሙከራ» እንደ ማለት ነው። ሙከራ ማለቱን እንወድለታለን። በርእሱም ላይ ዕፀዋቱን የሰበሰቡት ሁለቱ ሐኪሞች በስማቸው ተጠርተዋል፤ ከስማቸው በፊትም ላቲን ለሙታን የሚሰጠው ቃል፥ ማለት እኛ «ነፍስ ኄር» የምንለው ዓይነት፥ ተጨምሮላቸዋል። ሪሻር መጽሐፉ በተፈጸመ በዓመቱ፥ በ1852 ሞተ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሪሻር ስለ እንዳሁላ ወገን ሲጽፍ ያደረገው ነገር ነው እኛን ወደዚህ ጥናት የሳበን። ካገኛቸው አዳዲስ ዓይነቶች አንዱን ካላንኮይ ፔቲቲያና፥ ሁለተኛውን ካላንኮይ ኳርቲኒያና ብሎ ሰየማቸው። በመረብ ንዳድ የሞተውና በዓባይ አዞ የወሰደው ሁለቱ ባልንጀሮች በአንድ ወገን ውስጥ ጐን ለጐን ሆነው እንዲቀሩ ማድረጉ ነው። ሪሻር ይህን አስቦ አድርጎት እንደ ሆነ ለመናገር አንደፍርም፤ ብዙ ሌሎች ዕፀዋትንም በስማቸው ጠርቷልና። ፔቲ በቋንቋው የስሙን መጨረሻ «ት» እንደማይጠራት፥ በላቲኑ ስም ግን ፊደሏ ድምፅ እንዳገኘች በዚሁ አጋጣሚ ማመልከት እንወዳለን፤ በክፍል ውስጥ የስሙ አነባበብ አከራክሮን ያውቃልና።

ሦስተኛም አለ። ሪሻር በዚያው መጽሐፍ ካላንኮይ ሺምፔሪያና የሚል ስም አውጥቷል። ጀርመናዊው ጊዮርግ ዊልሔልም ሺምፐር በ1837 አድዋ ገባ፤ የላከው ኤስሊንገን በተባለ ከተማ የነበረ፥ የደረቁ ዕፀዋትን ለከፋዮች የሚያከፋፍል ማኅበር ነበረ። ሺምፐር እንደ ሁለቱ ሐኪሞች ቶሎ አልሞተም። በአገራችን ትዳር መሠረተ፤ ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሰጡት። በ1855 ውቤ በደረስጌ በደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፥ ድል ሲሆኑ ግዛቱ ቀረበት። ኋላም ከመቅደላ እስረኞች መካከል ሆኖ በ1868 ተፈታ፤ ወደ አድዋ ተመልሶ በ1878 በዚያው ሞተ። በአርባ ዓመት ውስጥ የሰበሰበው በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ተበትኗል። በበርሊን የነበረው ግን በመጋቢት ወር 1943 ከተማይቱ በአውሮፕላን ስትደበደብ ኸርባሪየሙ ስለ ተቃጠለ አብዛኛው ጠፍቷል። አንድ ቅጠል በመረብ አፋፍ ተቀጥፎ፥ በበቅሎ ምጽዋ ወርዶ፥ በመርከብ ተሻግሮ፥ መቶ ዓመት በወረቀት ላይ ኖሮ፥ በመጨረሻ በቦምብ እሳት ይነዳል ብሎ ማን ይገምታል?

አራተኛው ስም ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ነው። የስዊድናዊው የሊኔ ደቀ መዝሙር ፔር ፎርስኮል በ1761 ከተነሣው የዴንማርክ ንጉሥ መልእክተኞች ጋር ወደ የመን ሄደ፤ በሐምሌ 1763 በያሪም ከተማ በንዳድ ሞተ። ከጓደኞቹ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር፤ የፎርስኮልን ማስታወሻ በ1775 ያሳተመውም እርሱ ነው። በዚያ ማስታወሻ ውስጥ አንድ የእንዳሁላ ወገን ይገኛል፤ ዛሬ ካላንኮይ ላንሰዎላታ ይባላል፤ በአገራችንም ይበቅላል። አዳንሶን የወገኑን ስም ባወጣበት በ1763 ፎርስኮል የወገኑን ተክል ቀጥፎ ሞተ ማለት ነው፤ ሁለቱ ስለ እርስ በርሳቸው ሥራ ምንም ሳያውቁ።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ስሕተት እንናገር፤ ነገሩ ለታሪኩ ይጠቅማልና። ባለፈው ጥቅምት ይህን ጥናት ስንጀምር አንድ አበባ ያለው እንዳሁላ ነቅለን በጋዜጣ መካከል አስቀመጥንና በከባድ መጻሕፍት ተጫንነው። ማንኛውም የሣር ዓይነት በሳምንት ውስጥ ይደርቃል። እኛ በሦስተኛው ሳምንት ከፍተን ስናይ፥ ጋዜጣው ሻግቶ፥ ከታች ያሉት ቅጠሎች ጠቍረው ረግፈው፥ ጫፉ ግን በጨለማው ውስጥ ገርጥቶ አዲስ ቅጠል አውጥቶ አገኘነው። ውሃ በቅጠሉ ያከማቸ ተክል በወረቀት መካከል ሆኖም መኖሩን ይቀጥላል። ይህን የነገርናቸው መምህር ስቀው፥ እንዲህ ያሉት ተክሎች አስቀድመው በፈላ ውሃ ወይም በአልኮል ተነክረው መገደል እንዳለባቸው አስረዱን። ሁለተኛውን እንዲሁ አደረግን፤ በየቀኑም ወረቀቱን ለወጥንለት፤ በመጨረሻ ደረቀ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ፔቲና ስለ ኳርታን ዲሎን ያለን አስተያየት ተለወጠ። እነዚህ ሰዎች ድንኳን ውስጥ፥ በዝናብና በጭቃ፥ በበቅሎ ጭነት ላይ ሆነው እንዳሁላን አድርቀው ማድረሳቸው ትልቅ ሥራ ነው። በብዙ የዓለም ኸርባሪየሞች ውሃ አዘል ተክሎች ከሌሎቹ ያነሱ ሆነው የሚገኙትም ሰብሳቢዎች ይህን ድካም ስለሚሸሹ ነው። በሜዳ የበዛ ተክል በወረቀት ላይ ብርቅ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ከባልንጀሮቻችን ቀርቦልናል። አንዳንዶቹም እንዳሁላ የሚል ጥሩ የአገር ስም እያለ፥ አንድ ጊዜ አልፎ ስለ ሄደ ፈረንሳዊ ብለን ፔቲቲያና የምንልበት ምክንያት የለም ይላሉ። አሳቡን አንንቀውም። ከአራቱ ስሞች አንዱ እንኳ በዚያ ዘመን ቅጠሉን ላሳየ፥ መንገዱን ለመራ ወይም ወረቀቱን በጀርባው ለተሸከመ የአገር ሰው አልተሰጠም፤ ያ ሁሉ ዕፅ ያለ እነዚህ ሰዎች እንደማይሰበሰብ ግን ግልጽ ነው። ሆኖም ለጥያቄው መልስ ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት አሮጊት ነው።

በሰሜን ሸዋ በምናውቀው አንድ መንደር የሚኖሩ፥ ቅጠል በማሰር የታወቁ እናት አሉ። የገና ዕረፍት በሆነ ጊዜ ሄደን፥ «እማማ፥ እንዳሁላ የቱ እንደ ሆነ ያሳዩን» ብለን ለመንናቸው። በመጀመሪያ ሳቁብን። «ይኼን ለመጠየቅ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣችሁ?» አሉ። ከዚያ ምርኵዛቸውን ይዘው ወጡና ከቤታቸው ጀርባ ካለው ካብ ሥር አሳዩን፤ ቅጠሉ ባለ ዘንግ፥ ዳርቻው የተከረከመ፥ ለስላሳው ነው። ወደ ወንዙ ቍልቍለት ስንወርድ ግን ሌላ አሳዩን። ይህኛው ቅጠሉ ዘንግ የለውም፤ አገዳውን አቅፎ ይይዛል፤ ወደ ላይ ያለው ክፍል እጅ ላይ የሚጣበቅ ጠጕር አለው፤ አበባውም ቢጫ ነው። «ይህስ ምንድን ነው?» አልናቸው።

«ይህም እንዳሁላ ነው።»

«ለቍስል ያስሩታል?»

«የለም ልጄ፤ የማስረው ያንን ነው። ይኼን አልነካውም።»

ምክንያቱን አጥብቀን ብንጠይቃቸው፥ «እናቴ አታስረውም ነበር፤ እኔም አላሰርሁትም» ከማለት በቀር አልጨመሩም።

ከኮሌጅ ተመልሰን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሦስተኛውን ጥራዝ አወጣን። ይህ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመ፥ ከሪሻር ሙከራ በኋላ ወደ መቶ ስድሳ ዓመት ቈይቶ የመጣ ሙሉ መጽሐፍ ነው፤ የእንዳሁላ ቤተ ሰብ የሚገኝበት ጥራዝ በ1989 ታትሟል። መለያውን በተራ እየተከተልን ብንሄድ፥ ከካቡ ሥር ያለው ፔቲቲያና፥ ከወንዙ ቍልቍለት ያለው ቢጫው ደግሞ ፎርስኮል በየመን ያገኘው ላንሰዎላታ ሆኖ ተገኘ። እማማ በአንድ ስም ቢጠሯቸውም በእጃቸው ይለዩአቸዋል፤ መጽሐፉ ደግሞ በሁለት ስም ለይቷቸዋል።

አሁን ሀይነን ተከትለን ያልቀመስንበትን ምክንያት እንናገር። በደቡብ አፍሪካ ላንሰዎላታን የበሉ ከብቶችና በጎች ሲታመሙና ሲሞቱ በመታየታቸው ተክሉ ተመረመረ፤ በ1984 ላንሰዎቶክሲን የተባሉ ሁለት መርዞች ተለይተው ወጡ። እነዚህ መርዞች ቡፋዲየኖላይድ ከሚባለው ክፍል ናቸው፤ ስሙ እንቍራሪት መሰሉ ጓጕንቸር በላቲን ከሚጠራበት ቡፎ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ በጓጕንቸር ቆዳ ላይ ያለው መርዝ የዚሁ ዓይነት ነውና። የሚጐዱትም ልብን ነው። የዚህ ክፍል መርዝ በሌሎች የካላንኮይ ዓይነቶችም ውስጥ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ለስላሳው እንዳሁላም ቢሆን ለመቅመስ የሚደፈር አይደለም። በቍስል ላይ ማሰርና መዋጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለ ቍስሉ ግን መልካም ወሬ አለ። በ2013 የታተመ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፥ ከካላንኮይ ፔቲቲያና ቅጠል የወጣ ንጥረ ነገር በአይጦች ቍስል ላይ ሲቀባ ቍስሉ እንዲጠብ እንደሚረዳ አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ሆኖም እናቶቻችን በከንቱ አለመድከማቸውን ያመለክታል። ይህን ጥናት ከፓሪሱ ሣጥን ጋር የሚያያይዘው ነገር አለ። ተመራማሪ ከገበያ «እንዳሁላ» ብሎ ቢገዛ፥ ሻጪቱ ሳታታልለው ቢጫውን ልትሰጠው ትችላለች፤ ውሸት አልተናገረችም፤ ያም እንዳሁላ ነውና። ሙከራው ጥሩ ውጤት ቢያሳይ ለየትኛው ተክል ነው? መጥፎ ቢያሳይስ? ፔቲቲያና ብሎ ከጻፈ ግን፥ ቃሉ ሪሻር ስሙን ሲያወጣ በፊቱ የነበረውን የደረቀ ዕፅ ይጠቅሳል፤ የተጠራጠረ ሁሉ የራሱን ከዚያ ጋር ማስተያየት ይችላል። ስሙ የሐኪም ፔቲ መታሰቢያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ከባልንጀሮቻችን ጋር በተስማማን ነበር። እንደ እኛ አስተያየት ዛሬ ስሙ የሚያገለግለው እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው።

ይሁን እንጂ ክርክሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲያደላ አንፈልግም። በወረቀቱ ጥግ ላይ ካላንኮይ ፔቲቲያና ብሎ ቦታውንና ቀኑን ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ሥራውን ግማሽ አድርጎ ትቶታል። ለስላሳው የሚታሰር፥ ተለጣፊው የማይነካ መሆኑን የትኛውም የላቲን ስም አይነግረንም፤ ይህን የሚያውቁት እንደ እማማ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ከእናት የተቀበሉትን ለልጅ ካላስተላለፉ አብሯቸው ይቀበራል። የእማማ ልጆች ሁሉ ከተማ ገብተዋል። ከአንድ ወንዝ ማዶ ያለ መንደርም ቢጫውን በሌላ ስም ይጠራው ይሆናል፤ ይህንንም መጻፍ የሚገባው በቦታው የተገኘው ሰብሳቢ ነው።

ስለዚህ ባደረቅናቸው ሁለት ወረቀቶች ላይ ከላቲኑ ስም፥ ከቦታውና ከቀኑ በታች አንድ አንድ መስመር ጨምረናል። በመጀመሪያው ላይ «በመንደሩ ስም እንዳሁላ፤ በእሳት ለብ ተደርጎ ለእባጭና ለቍስል ይታሰራል» የሚል ተጽፏል። በሁለተኛው ላይ «በመንደሩ ስም እንዳሁላ፤ አይታሰርም» ይላል።